ማን ቀረ?

መስቀል ባለፈ ሰሞን ነው። የደመራው አመድ ከየሰፈሩ ጥግ ገና በወጉ አልተጠረገም። እህቴ ከሥራዋ ፈቃድ ስላላገኘች «እባክህ አንተ ሂድልኝ፤ የ12ኛ ክፍል ወላጆች ስብሰባ ነው፤ ወላጅ ያልመጣለት ተማሪ ክፍል አይገባም ተብሏል» ብላ ላከችኝ። እኔም ጫማዬን አስጠርጌ፣ ኮቴን ደርቤ፣ የእህቴን ልጅ ከጎኔ አድርጌ አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። አንዱን ነጥዬ ማማት አልፈለግኩም፤ ደግሞም እንደምታዩት ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም።

በሩ ላይ ዘበኛው የእህቴን ልጅ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ስልክ?» አሏት። «የለኝም።» «ፀጉርሽን ወደኋላ አስሪው።» አሰረችው። ከአጸደ ሕፃናት ጀምሮ ያውቋታል፤ ግን ዘመን ሲለወጥ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጠየቃል። ወደ እኔ ዞር ብለው «ወላጅ ነዎት?» አሉኝ። «አጎት ነኝ።» «ያው ነው፤ ይለፉ።» ከእሳቸው ጀርባ፣ አጥሩ ላይ፣ አልጋ ልብስ የሚያክል ባነር ተወጥሯል፦ በ2017 ዓ.ም. ካስፈተንናቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 100% አሳልፈናል፣ እንኳን ደስ አላችሁ ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ደስ አለኝ። «ልጃችን ጥሩ ቤት ገብታለች» አልኩ በሆዴ።

አዳራሹ ጋ ስንደርስ ልጅቷ ቆም አለችና ወንበሮቹን አንድ በአንድ በዓይኗ ትቃኝ ጀመር።

«ማንን ነው የምትፈልጊው?» አልኳት።

«ማንንም… ልማድ ሆኖብኝ ነው። ጓደኛዬ እኮ ወጥታለች።»

«ወዴት? አሜሪካ?» (የአዲስ አበባ ሰው «ወጣ» ሲባል ቦሌን ነው የሚያስበው።)

«ኧረ ጋሼ! ከትምህርት ቤቱ ነው የወጣችው። አልሰሙም እንዴ?»

አልሰማሁም ነበር። ሁለቱ ከአጸደ ሕፃናት ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ያደጉ ልጆች ናቸው። እቤታችን መጥታ ሽሮ የበላችበት ቀን አይቆጠርም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ልጅቷ 11ኛ ክፍልን አልወደቀችም፤ አልፋለች። አማካይ ውጤቷ 68 ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን «ወደ 12ኛ ክፍል የምናሳልፈው 75ና ከዚያ በላይ ያመጣውን ነው» የሚል የራሱ መስመር አለው። ከመስመሩ በታች የሆኑት ልጆች ወላጆች በሐምሌ ተጠሩና በትሕትና «ለልጃችሁ የሚመጥን ሌላ ትምህርት ቤት ብትፈልጉላት ይሻላል» ተባሉ። መልቀቂያው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ ተዘጋጅቶ ነበር። ቡናም ቀርቧል አሉ።

ገብተን ተቀመጥን። ርእሰ መምህርቷ ሲስተር ተነሡ፤ ሁላችንም ተነሣን። ጸሎት አደረሱ። በጎን በጎን አየሁ። ነጠላ ያጣፋች እናት አለች፤ ሒጃብ ያደረገች እናት አለች፤ «አሜን»ን ጮክ ብሎ የሚል የጴንጤ አባት አለ። አንድም ካቶሊክ ከመካከላችን ቢኖር እንጃ። ይኼ ሊገርመን አይገባም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጥ ይላል። ስለዚህ ልጆቻችንን እነዚህ ቤቶች ዘንድ የምንልካቸው ካቶሊክ እንዲሆኑልን አይደለም። ለምን ታዲያ? ብትጠይቁን አንድ ዓይነት መልስ ነው የምንሰጣችሁ፦ «ሥነ ሥርዓት አላቸው። ልጁን ሰው ያደርጉታል።» ይቺን «ሰው ያደርጉታል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። በኋላ እንመጣባታለን።

ሲስተር መናገር ጀመሩ። ንግግራቸው ሙሉ በሙሉ ስለ አንድ ቁጥር ነበር፤ ስለ 50 በመቶ። ለምን እንዲህ እንደሆነ ይገባኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2008 ዓ.ም. አፈትልኮ የተሰረዘበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች ከቤታቸው ተነሥተው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ መፈተን ጀመሩ። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከተፈተኑት 896 ሺህ ከሚበልጡ ልጆች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ተፈታኞች ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ የሆኑበትን ዓመትም አይተናል። እንዲህ ባለ አገር ወላጅ ቢፈራ አይፈረድበትም። እኔም ፈርቻለሁ።

ከዚያ የዘንድሮው ዕቅድ ተነበበ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ማጠናከሪያ። እሑድ ከሰዓት የሙከራ ፈተና። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለ12ኛ ክፍል ቀርቷል። የሥነ ጽሑፍ ክበብ ቀርቷል። በመጨረሻም «የዓርብ አገልግሎት» ቀርቷል።

የዓርብ አገልግሎት ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ የዚህ ትምህርት ቤት 11ኛና 12ኛ ክፍሎች በወር አንድ ዓርብ ከሰዓት ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የማዘር ቴሬዛ ቤት ይሄዱ ነበር። ማንም የሌላቸው በሽተኞችና አረጋውያን ያሉበት ቤት ነው። ልጆቹ ልብስ ያጥባሉ፣ ምግብ ያጎርሳሉ፣ አልጋ ያነጥፋሉ። የእህቴ ልጅ አምና ለመጀመሪያ ጊዜ ሄዳ የመጣች ቀን ማታ እራት አልበላችም። በሁለተኛው ወር ስትመለስ ግን አንዲት እናት ስሟን አስታውሰው እንደጠሯት እየነገረችን ሁለት እንጀራ ጨረሰች። ያቺ ልጅ አልጋዋን ራሷ ማንጠፍ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው፤ እናቷ ትመስክር።

አዳራሹ ውስጥ ግን ይኼ መቅረቱ ሲነበብ ያጨበጨበ ነበር። አዎ፣ አጨበጨበ። አንድ ከረባት ያሰረ አባት ተነሥቶ «ይኼ ቀድሞም መደረግ የነበረበት ነው። ልጆቻችን ሐኪም ሆነው በሽተኛ ያክማሉ፤ አሁን ማጠቡ አይጠበቅባቸውም» አለ። ሳቅ ሆነ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። በኋላ አፈርኩ።

እስቲ እንግዲህ የእነዚህን ቤቶች ሥር እንመርምር፤ ዛፍ የሚታወቀው ከሥሩ ነውና። ዛሬ የመምህራን ጠባቂ ቅዱስ የሚባለው ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል እ.ኤ.አ. በ1651 በፈረንሳይ ሬንስ ከተማ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ። በከተማዪቱ ካቴድራል ጥሩ ገቢ ያለው ሹመት ነበረው። ሹመቱን እ.ኤ.አ. በ1683 ተወ፤ በዚያው ክረምት ረሃብ ሲገባ ሀብቱን ለድሆች ዳቦ አደለ። የአናጢና የሸማኔ ልጆችን በነፃ የሚያስተምሩ ወንድሞችን ሰበሰበ። በላቲን ማስጀመሩን ትቶ ልጆቹ አፍ በፈቱበት ፈረንሳይኛ ንባብ አስጀመራቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የድሀ ልጅ ቶሎ ወደ ሥራ ስለሚወጣ ላቲን እስኪያጠና የሚጠብቀው ጊዜ የለውም። ሌላው ዶን ቦስኮ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1815 እስከ 1888 የኖረ። ከቱሪን ጎዳናዎች ሌላው «የማይረባ» ያለውን ልጅ እየለቀመ ነው የጀመረው። እነዚህ ሰዎች 75 ያመጣ ብለው መስመር ቢያሰምሩ ኖሮ የሚያስተምሩት ልጅ አያገኙም ነበር።

በእኛም አገር ይኼ ወግ ያልታወቀ አይደለም። በሐረር ሞንሰኘር ዣሮሶ፣ ሕዝቡ አባ እንድርያስ የሚላቸው፣ ልጅ ተፈሪ መኮንንን ማስተማራቸውን፣ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንም መምህራቸው እንደነበሩ ታሪክ ያውቃል። «ይኸው! የመስፍን ልጅ ነዋ ያስተማሩት» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ግን እነዚያው ሚሲዮኖች የመስፍኑን ልጅ ባስተማሩበት እጃቸው ወላጅ አልባውንም ሰብስበዋል። ዛሬም ከአዲስ አበባ ወጣ ብላችሁ ብትሄዱ፣ መንገድ በማይደርስበት ገጠር፣ በትንሽ ክፍያ የገበሬውን ልጅ የሚያስተምሩ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ታገኛላችሁ። ቫቲካን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ባወጣችው ሰነድ፣ ትምህርት ቤቶቹ ትኩረታቸውን ወደ ባለጸጋው ካዞሩ የባለጸጋውን ብልጫ ማስጠበቂያ ይሆናሉ ብላ አስጠንቅቃለች። እኔ እንግዲህ ከጳጳሱ በላይ ካቶሊክ ልሁን አልልም። የራሳቸውን ቃል ነው የማስታውሳቸው።

ወደ ባነሩ እንመለስ። 100% ማለት ምን ማለት ነው? እስቲ በጣታችን እንቁጠር። አንድ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል 100 ልጅ ተቀበለ እንበል። እስከ 12ኛ ክፍል 40ውን በመልቀቂያ ሸኘ። 60 አስፈተነ፤ 60ውም አለፉ። ባነር ይሰቀላል፦ 100%! ጎረቤቱ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ፣ እነዚያን 40 ጨምሮ ያስፈትናል። ልጆቹ ሲወድቁ የሚመዘገበው በእሱ ስም ነው። አንደኛው ተሸለመ፤ ሁለተኛው ተወቀሰ። ፍትሕ ነው ትላላችሁ? ይኼ ማስተማር አይባልም። ስንዴውን ለራስ አስቀርቶ እንክርዳዱን ለጎረቤት ማጋባት ነው፤ ያውም ልጆቹ እንክርዳድ ሆነው ቢሆን። በ68 እንክርዳድ የሚሆን ልጅ የት አገር ነው ያለው?

ደግሞም አስቡት፦ አገሪቱ ውስጥ ከመቶ ተፈታኝ ከ90 በላዩ ወድቋል። ቀድሞውኑ የሚያልፈውን ልጅ እየመረጡ ማሳለፍ ያንን 90 በአንድ ልጅ አይቀንሰውም። የአስተማሪ ችሎታ የሚታየው 68ቱን ወደ 80 ሲያወጣ ነው። 95ን 96 ለማድረግማ ልጁና አምፖሉ ይበቃሉ።

ከስብሰባው በኋላ አላስችለኝ አለና ሲስተርን ቢሯቸው ገብቼ አነጋገርኳቸው። ይኼንን ሁሉ፣ ትንሽ ለስለስ አድርጌ፣ ነገርኳቸው። ተቆጥተው ያስወጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፦

«እርስዎ የሚሉትን እኔ ሳላውቀው የቀረሁ ይመስልዎታል?» አሉኝ። «ያንን መስመር ማን እንዳመጣው ያውቃሉ? የወላጅ ኮሚቴው ነው። ‹ደካማ ተማሪ ልጆቻችንን ወደኋላ ይጎትታል› ብለው። ስድስት ኪሎ ልጆቹን በወሰድን ጊዜ ‹ልጄን በሽታ ላስይዛት ነው የምከፍለው?› ያለኝ ወላጅ ነው። ባነሩን ባወርደው በሚመጣው ዓመት የሚመዘገብ አላገኝም። ምዝገባ ከሌለ ክፍያ የለም፤ ክፍያ ከሌለ የመምህራን ደመወዝ የለም፤ በነፃ የማስተምራቸው ልጆች አሉ፣ እነሱም የሉም። ምን ላድርግ? እስቲ ይንገሩኝ።»

ዝም አልኩ። የምለው ስላልነበረኝ አይደለም፤ ያጨበጨቡት ሰዎች ፊት ትዝ ብሎኝ ነው። እኛ ነን ይኼንን ያዘዝነው። በአፋችን «ሰው ያደርጉታል» እንላለን፤ በኪሳችን ግን የምንገዛው ቁጥር ነው። ሻጭ ደግሞ ገዢው የጠየቀውን ያቀርባል። ልጃችን ጓደኛዋን በአንድ ክረምት ስታጣ አንዳችንም ስልክ አንሥተን ትምህርት ቤቱን አልጠየቅንም። ለምን? የእኛዋ 81 ነበራ ያመጣችው!

ግን ሲስተር ያሉት እውነት ግማሽ ነው። ወላጅ ያዘዘውን ሁሉ ማቅረብ የሱቅ ጠባይ ነው፤ ትምህርት ቤትማ ወላጅንም ያስተምራል። መቶ ዓመት የቆየ ስም ያለው ቤት፣ ልብሱና መስቀሉ ያስከበረው ቤት «አይ፣ ይኼንንስ አናደርግም» ቢል የሚሰማው ወላጅ አያጣም። እነሱ ካልቻሉት ያ ትናንት የተከፈተው፣ ኪራይ ቤት ውስጥ ያለው የግል ትምህርት ቤት እንዴት ይችለዋል?

ይኼንን የምለው በልጅነቴ ያየሁት ነገር ስላለ ነው። የተማርኩት በደቡብ በኩል፣ ትንሽ ከተማ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። አስተዳዳሪያችን ሽማግሌ አባ ነበሩ። አዲሱ ዓመት በተጀመረ ቀን፣ ሁላችን ሰልፍ ላይ እንዳለን፣ ሌላው አስተማሪ የመጣውን ሲቆጥር እሳቸው አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረቻቸው፦ «ማን ቀረ?» እንናገራለን። እገሌ ከብት እየጠበቀ ነው፤ እገሊት ልትዳር ነው። ስሙን በትንሽ ወረቀት ይጽፉና ከሰዓት በሞተር ብስክሌታቸው ይሄዳሉ። አንዴ አንድ የክፍላችን ልጅ አባቱ ለአረም ሥራ አስቀርተውት ነበር። አባ ሄደው አብረው ሲያርሙ ዋሉ አሉ፤ ከአባትየው ጋር አወጉ፤ በሦስተኛው ቀን ልጁ መጣ። በትምህርቱ ከኋላ ነበር፤ ሁልጊዜም ከኋላ ነበር። ዶክተር ሆነ ብዬ ታሪኩን ባሳምረው ደስ ባለኝ፤ አልሆነም። እስከ 10ኛ ክፍል ተማረ። ዛሬ ወፍጮ ቤት አለው፤ ሒሳቡን በራሱ እጅ ይጽፋል፤ ልጆቹን ያስተምራል። ያ ልጅ የትኛው ባነር ላይ ይጻፋል?

ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን ፍለጋ ስለወጣው እረኛ በወንጌል የተጻፈውን ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ካቶሊኩም ያውቀዋል። የዛሬው እረኛ ግን አንዱን ሸኝቶ «ዘጠና ዘጠኙ በሙሉ አሉ፤ 100%!» ብሎ ባነር ይሰቅላል።

ሕልም አላብዛ። ሁለት ትንንሽ ነገር ብቻ ነው የምለው። አንደኛ፣ ባነር መስቀል ካልቀረ ሁለት ቁጥር ይጻፍበት፦ 9ኛ ክፍል ስንት ተቀበልን፣ ከእነዚያው ውስጥ ስንቱ እዚሁ ቆይቶ አለፈ። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ቢኖርም ይለይ። ምንም በጀት አይጠይቅም፤ ያው አንድ ጨርቅ ነው። ሁለተኛ፣ ያ የዓርብ ከሰዓት ይመለስ። በወር አንዴ፣ ሦስት ሰዓት ናት። ሦስት ሰዓት አጥታ 50 በመቶ የማታመጣ ልጅ ብትኖር ችግሩ ከዓርብ አይደለም።

ይኼንኑ ለሲስተር ነገርኳቸው። ሁለቱንም በማስታወሻቸው ጻፉ። «ለወላጅ ኮሚቴው አቀርበዋለሁ» አሉኝና ፈገግ ብለው ጨመሩ፦ «እርስዎም ይምጡና አብረው ይናገሩ። አሁን እንዳሉት ሳይሆን ጮክ ብለው።» እሺ አልኩ። ቃል ገብቻለሁ፤ እዚህ የጻፍኩትም እንዳልሸሽ ነው።

ስንወጣ የእህቴን ልጅ «ጓደኛሽ አሁን የት ገባች?» አልኳት። አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስም ነገረችኝ፤ ከቤታችን በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም።

«ቅዳሜ ማጠናከሪያ አለሽ። እሑድ ከሰዓትም ፈተና። እሑድ ጠዋትስ?»

«እሑድ ጠዋት ነፃ ነኝ።»

«እንግዲያው ደብተርሽን ይዘሽ እቤት ጥሪያት። አብራችሁ አጥኑ፤ ሽሮውን እናትሽ ትሠራለች።»

ትንሽ ዝም አለችና «እሷ እኮ ከእንግዲህ እኔን ማግኘት የምትፈልግ አይመስለኝም፤ ስደውልላት አታነሣም» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዘበኛው በሩን ከፈቱልን። ባነሩ በነፋስ ይርገበገባል።

«እንግዲያው» አልኳት፣ «እንሂድና እናንኳኳ።»